የታንኳው አለቃ የብር ዋንጫ እንዳይቀልጥ

ለክቡር አዛዥ ወልደ ኢየሱስ
የብር ዕቃ ቤት ሹም
እንጦጦ

ጥር ፳፮ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ለጀግንነት የተሸለመው የብር ዋንጫ እንዳይቀልጥና የታንኳው አለቃ ዱጋሳ እንዲፈታ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

እኔ አገልጋይዎ አዱኛ በዳዳ፣ የየካ ነዋሪ፣ ብር ሠሪ፣ ከደጅዎ ወድቄ አቤት እላለሁ። ብር ሠሪ መሆኔ እስከ ዘንድሮው ጥምቀት ድረስ አከራክሮ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት መውጫ በዝዋይ ሐይቅ ላይ እህል የጫኑ ታንኳዎች በወጀብ ሲገለበጡ፣ አለቃቸው ዱጋሳ ወደ ማዕበሉ ተመልሶ አምስት ወታደሮችን ከሞት ማውጣቱን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ስለዚህም ጀግንነቱ የብር ዋንጫ እንዲሸለም፣ በዋንጫውም ላይ ታንኳው፣ ማዕበሉና የዳኑት ሰዎች እንዲቀረጹ አዘዙ። ሥራው ለእኔ ደረሰ።

እኔ በዕድሜዬ ካየሁት ውሃ ሁሉ ትልቁ ቀበና ነው፤ እሱንም በክረምት ከሩቁ። ታንኳ አይቼ አላውቅም። ይህንኑ ብሩን ይዞልኝ ለመጣው ሰው ብነግረው፣ "ታንኳ ማለት በውሃ ላይ የሚሄድ ገበቴ ነው" ብሎኝ በቅሎውን መትቶ ሄደ። እኔም ቃሉን አክብሬ ገበቴ ቀረጽሁ። ማዕበሉን ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ አስመሰልሁት፤ ከውሃ ይልቅ ጤፍ አውቃለሁና። ለዓሣዎቹም ጆሮ ሰጠኋቸው።

ባለቤቴ ሮማነወርቅ ዋንጫውን ወደ ደጅ አውጥታ አገላብጣ ካየችው በኋላ፣

"እነዚህ በጎች ውሃ ውስጥ ምን ሊሠሩ ገቡ?" አለችኝ።

"ዓሣዎች ናቸው" አልኋት።

"እንኳን ነገርኸኝ፤ አንዱን እረድልኝ ልልህ ነበር።"

ከሁሉ የባሰው የሰዎቹ ነገር ነው። አምስቱን በገበቴው ውስጥ እንደ ዳቦ ደርድሬ ስጨርስ፣ በጠርዙ በኩል ትንሽ ባዶ ቦታ ተረፈችኝ። ባዶ ከሚሆን አንድ ሰው ልጨምር ብዬ ከእጁ ጀመርሁ። ጠርዙን የጨበጠች እጅ ቀርጬ እንደ ጨረስሁ ቦታው አለቀ። እጇም ባለቤት አልባ ሆና ቀረች።

በጥምቀት ግብር ቀን ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የተሳቀው ሣቅ እስከ የካ ተሰማ ቢባል አላስተባብልም። አንዱ መኮንን፣ "ዱጋሳ የተሸለመው ሊጥ በማቡካት ነው እንዴ?" አሉ። ሌላው ቀጥለው፣ "ይህችስ እጅ የማን ናት? ሊጡን ልትሰርቅ ነው?" አሉ። እኔ ከአዳራሹ ምሰሶ ኋላ ተሸሸግሁ። ምሰሶው ቀጭን ነበር፤ እኔ ግን አይደለሁም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልሳቀው ዱጋሳ ብቻ ነበር፤ እኔም ተቆጥቶ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ክቡርነትዎም ለቤቱ ክብር ተጨንቀው ዋንጫው ተመልሶ እንዲቀልጥ፣ በሌላ ሰውም እጅ እንደ ገና እንዲሠራ አዘዙ። ትእዛዙ የተገባ ነበር፤ ወናፉን ለመንፋት እንኳ ዝግጁ ነበርሁ። ዱጋሳ ግን "አልሰጥም" አለ፤ ትእዛዝ ንቋል ተብሎም ከነዋንጫው በዘብ ቤት ተያዘ፤ ከጀግና እጅ ሊነጥቅ የደፈረ ዘብ አልተገኘም።

ልለምነው ሄድሁ። "ወንድሜ፣ ለዚህ ገበቴ ብለህ ትታሰራለህ? ስጣቸውና የሚያምር ይሥሩልህ፤ እኔንም ከሰው አፍ ገላግለኝ" አልሁት።

ዱጋሳ ዋንጫውን ከጋቢው ሥር አወጣና አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አኖረ። "ስለዚህ እጅ ማን ነገረህ?" አለኝ።

"ማንም። ቦታ አልቆብኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ የነገረኝን እንደ ሰማሁት አስጽፌዋለሁ። "ፈዬራ የሚባል የካራ አገር ልጅ አብሮኝ ይቀዝፍ ነበር። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሰዎቹን አንድ በአንድ ወደ እኔ የገፋልኝ እሱ ነው። ታንኳው ሲሞላ ለእሱ ቦታ ጠፋ። 'እኔ ልውረድ፣ አንተ ግባ' ስለው፣ 'ዝም ብለህ ቅዘፍ' አለኝ። ጠርዙን ይዞ እየተጎተተ መጣ። ወደ ዳር ስንቃረብ ዞር ብዬ ሳይ የለም። ሰው ሁሉ ያወጣኋቸውን ቆጠረልኝ፤ ስለ ፈዬራ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ይህች እጅ ከቀለጠች እሱ እዚያ አልነበረም ማለት ነው።"

ጌታዬ፣ በዚህ ነገር ለእኔ አንዳች ምስጋና እንደማይገባኝ ይታወቅልኝ። ቦታ ቢበቃኝ ኖሮ ሙሉ ሰው ቀርጬ፣ ለእሱም የበግ ጆሮ ሰጥቼው ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ መሮዬን ሳነሣ ይከብደኛል።

ስለዚህ የምለምነው፦

፩ኛ/ ዱጋሳ እንዲፈታልኝ፤ እምቢ ማለቱ ከንቀት አይደለምና።

፪ኛ/ ዋንጫው ከነገበቴው፣ ከነበጎቹ እንዲተውለት። የቤቱን ክብር ይነካል ከተባለ ስሜ ከሥሩ ይቀረጽበትና ሣቁ ለእኔ ይሁን፤ ለምጄዋለሁ።

እዚህ ድረስ አስጽፌ ከደጅዎ ስደርስ፣ ክቡርነትዎ ዛሬ ጠዋት ራስዎ ወደ ዘብ ቤት ወርደው ዱጋሳን ሰምተው እንደ ፈቱት፣ ዋንጫውንም ተቀብለው አይተው በገዛ እጅዎ እንደ መለሱለት በረኛው ነገረኝ። እግዚአብሔር ይስጥልን። አቤቱታዬ ሥራ ፈት ሆኖ ቀረ። በከንቱ እንዳይመለስ ግን ጸሐፊውን እዚሁ ደጃፍ አስቀምጬ አንዲት ልመና አስጨመርሁ።

የፈዬራ እናት ወይዘሮ ዲንቄ በካራ አሉ። ጉልበታቸው የእንጦጦን አቀበት አይችልም። ዱጋሳ ዋንጫውን ይዞላቸው ሊወርድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያን ማዕበል ያልፈራው ሰው አሁን ከደጅዎ ሲያገኘኝ "ወደ እሳቸው ብቻዬን አልሄድም" ብሎኛል። ለሁለታችንም የመንገድ ፈቃድ እንዲሰጠን እለምናለሁ። እኔም ልጃቸው መልኩ ምን ይመስል እንደ ነበር ልጠይቃቸው አስቤአለሁ።

ጤናዎን ከሚመኝ አገልጋይ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አዱኛ በዳዳ
ብር ሠሪ፣ የካ