የሚያመኝ ቦታ የለም ስላለችው እህቴ እና ከሥራ ስለታገደችው ነርስ

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ግንቦት 6
ጉዳዩ፦ የድንገተኛ ክፍል የሕመምተኞች ልየታ እንዲሻሻልና የታገደችው ነርስ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በአናጢነት የምተዳደር ስሆን ሟች ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ገና በልጅነታችን ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ሒሳብ አስተምራለች። የተሳሳተ ቃል ሰምታ ስለማታልፍ ጎረቤቱ «እትዬ መቀስ» ይላት ነበር።

2. ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት ከበዳት። ደግፌ ወደ ድንገተኛ ክፍል አመጣኋት። በር ላይ ሕመምተኛ የምትለየው ነርስ «እናቴ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴም «የትም። ብቻ ሰውነቴ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ድክም ብሎኛል» አለች። ትኩሳት የለም፣ ውጋት የለም። አረንጓዴ ካርድ፣ ማለትም መጠበቅ የሚችል ሰው ካርድ ተሰጥቷት አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የደም ግፊቷን የለካ አልነበረም።

3. የመኪና አደጋ የደረሰባቸው በቃሬዛ ይገቡ ነበር። እነሱ መቅደማቸው ተገቢ ነው። ቅሬታዬ እሷን ዞሮ ያያት ሰው አለመኖሩ ነው። አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ቃል አጣሞ ሲናገር ሳታርመው አለፈች። ያኔ ብድግ አልኩ። ወደ ነርሷ ሄጄ «እህቴ ዛሬ እሷን አትመስልም» ብላት «ወንድሜ፣ ይሄ ምልክት አይደለም፤ ከእሳቸው የባሰ አለ» አለችኝ። ስመለስ እህቴ ትኩር ብላ አይታኝ «እማዬ መጣች እንዴ? ወንድምሽን ቀስቅሺው ብላኝ ነበር» አለች። ጮኽኩ። አንድ ሐኪም እየሮጠ መጣ። ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ እንደገባ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ያለ ትኩሳትም እንዲህ ሊታመም እንደሚችል ነገረኝ። በማግስቱ አረፈች።

4. መሥሪያ ቤትዎ ነርሷን አግዶ «ጉዳዩ እልባት አግኝቷል» ብሎኛል። ነርሷ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታ ነበር። የኤሌክትሪክ መጋዙን አጠፋሁ። በር ላይ እንደቆመች «በቀን ስንቱ ደከመኝ ይለኛል መሰለዎት። የትኛው እንደሚሞት ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። የእሳቸው ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ» አለችኝ። ከእኔም አልጠፋም። ሳንቃ በመላጊያ ስልግ እህቴ ከኋላዬ ትቆማለች፤ ስዞር ትኩር ብላ ታየኛለች። ነርሷን ልረግማት ስጠብቅ የከረምኩ ሰው ወንበር ሳብኩላት። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ብቻዋን ነበረች። ጥፋቱ በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ተጭኖ ቢዘጋ፣ የሌላ ሰው እህት ነገ እዚያው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች።

5. ስለሆነም የሚያመውን ቦታ መናገር ያልቻለ አዋቂ ሁሉ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ እንዲለካ፣ ተራ ሲጠብቅም ተመልሶ እንዲታይ፤ «ዛሬ እሱን አይመስልም» የሚል የቤተሰብ ቃል እንደ ምልክት እንዲቆጠር፤ በሩ ላይ ተጨማሪ ባለሙያ እንዲመደብ፤ ነርሷም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ «ደከመኝ» የሚል ሰው ጠፍቷል። ባለቤቴ እንዳልደነግጥባት፣ ከሥራ ስትመለስ ደጅ ቆማ ትንፋሿን ሰብስባ ነው የምትገባው። እኔም ከውስጥ ሆኜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አናጢው፣ የሟች ታናሽ ወንድም