የሰማያዊውና የቀዩ መስመር ሰው፤ የታላቅ ወንድሜ የሕይወት ታሪክ

እኔ «ጋሼ»፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ደግሞ «ባለ ሁለት መስመር» የምንላቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከእንጨት ሰንጣቂው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከመሰንጠቂያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው መጋዙ የአባታችንን ሦስት ጣቶች ቆረጠ። ከሰጋቱራው ውስጥ ለቅመው በመሀረብ ጠቅልለው ያመጡት ጋሼ ናቸው። የመሰንጠቂያው ባለቤት ግን ደሙን አስጠርጎ መጋዙን ወዲያው አስነሳ።

ጋሼ ሂሳብ ተምረው በሃያ አራት ዓመታቸው በንግድ መሥሪያ ቤት ስታቲስቲክስ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው አገራችን ለጎረቤት አገር ሸጥኩ የምትለውን የጠንካራ እንጨት ጣውላ ዋጋ፣ ጎረቤት ገዛሁ ከምትለው ጋር በየዓመቱ ማነጻጸር ነበር። የእኛን በሰማያዊ፣ የእነሱን በቀይ መስመር ይስሉታል። ዘጠኝ ዓመት ሁለቱ መስመሮች አብረው ሄዱ። በአሥረኛው ቀዩ ሽቅብ ወጣ፤ የእነሱ ግዢ የእኛን ሽያጭ እጥፍ ሆነ። ጋሼ ተቆጥተው «ስህተታችሁን አርሙ» ብለው ለጎረቤት ጉምሩክ ጻፉ። አንዲት ሠራተኛ «ስህተቱን ከራስዎ ደጅ ይፈልጉ» ብለው መለሱላቸው። በደብዳቤ ሲነታረኩ ከርመው በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ተጋቡ። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ማን ልክ ነው እያሉ ሲከራከሩ እንግዳው ጠበቃቸው። ልክ የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው። ልዩነቱ ሳይመዘገብ ድንበር የሚሻገር ጣውላ ነበር።

ጋሼ ይህን አሳትመው ባወጡ በሳምንቱ፣ ሁለት ሰዎች በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ይዘው ቀኝ እጃቸውን በጣውላ ቀጠቀጡት። አጥንቱ አራት ቦታ ተሰበረ። በግራቸው መጻፍ ተማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤታቸው ተቃጠለ፤ የትልቋ ልጃቸው አንገት እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። አለቃቸው ይብቃዎት ቢሏቸው፣ ቀዩን መስመር የሰቀልኩት እኔ አይደለሁም አሉ። እኛ ቤተሰቦቻቸውም ልጆችዎን ሊያስጨርሱ ነው ወይ ብለን ጮህንባቸው። ከሁሉም አብልጬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር የጣውላው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ የዓይን ምስክር ያምጡ ተባሉ። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝና ቤቴ መጥተው የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ምንም አላውቅም አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ፣ ሻያቸውን ጨርሰው ወጡ።

ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ ሲመለሱ፣ በመሥሪያ ቤታቸው በር ላይ የጠበቋቸው ሰዎች ጭንቅላታቸውን በብረት መቷቸው። ከወደቁም በኋላ ደረታቸውን ረገጧቸው። ሐሙስ ጠዋት በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ታላቅ እህታችን ለእኛ ፈርተው «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልጽፍም! አስከሬናቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያ ሕመም አይደለም፤ ግድያ ነው።

ጋሼ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነበሩ። ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታትን ፈጣሪ ይስጥ። እናንተ ከኋላ ቆማችሁ መሀረብ የያዛችሁ የጣውላ ነጋዴዎችም ስሙኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ጣውላ በመኪናዬ ያሻገርኩላችሁ እኔ ነኝ። ጋሼ ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ስሜን አልጻፉም። ቀጠሮው ሰኞ ነው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።