ጨዌን ማን አስተኛው?

ጥቅምት 11
ከትምህርት ቤት መልስ አጎቴ ሱሌይማን እርሻ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ደርሷል። የታችኛው ረግረግ ግን እንደ ልማዱ ጨው አውጥቶ ነጭ ብሏል። እዚያ የሚበቅለው ጨዌ ብቻ... መሬት ላይ ልጥፍ ያለ፣ ሲቀምሱት ጨው ጨው የሚል አረም። "መሬቱን ጨው ያደረገው እሱ ነው! አባቴም ሲነቅሉት ነው የኖሩት" አሉ አጎቴ። ኧረ የመስኖው ውሃ ነው አልኩ። ማን ይስማኝ!

ግን ቦዩ ዳር ያለው ጨዌ ጉልበቴ ድረስ ቆሟል። አበባው ያው ነው። የረግረጉን ጨዌ ያስተኛው ጨው ይሆን?

ጥቅምት 14
የሁለቱንም ዘር በባልዲ ዘራሁ። አንድ ዓይነት አፈር፣ የቧንቧ ውሃ። ጎረቤቴ ማርታ ሳቀችብኝ። "የባዮሎጂ አስተማሪ ስንልሽ አረም አሳዳጊ ሆነሽ አረፍሽው?" ትሳቅ።

ኅዳር 18
ያ ረቢ! የቦዩ ቆመ፣ የረግረጉ ጨው በሌለበትም ተኛ! ጨው አይደለማ። በዘሩ ነው! አሥር ዓመት ዝግመተ ለውጥን በወፍ ምንቃር ሳስተምር ለካ ደጄ ላይ ነበር። ግን ምን አስተኛው? ከብት? ከብት እዚያ አይገባም...

ኅዳር 29
አጎቴ ደወሉ። "ቅዳሜ ጅጊ ጠርቻለሁ፣ ሰው ይነቅልልኛል። ሰኞ ትራክተር ይገለብጠዋል።" ክው አልኩ። ጀውሃ ድረስ ፈልጌያለሁ፣ የተኛ ጨዌ ሌላ ቦታ የለም። "ትንሽ ይቆዩኝ" ብል፣ "ለአረም? አንቺ ልጅ ጤና ነሽ?"

ታኅሣሥ 4
እጄ ገና ጭቃ ነው። ሃያ ሰው ተሰልፎ ሲነቅል ሳይ እንባዬ መጣ። ዘር እንኳ ላትርፍ ብዬ ገባሁ። ከዚያ እጃቸውን አየሁ! መሃል መሃሉን ቀና ያለውን ጨብጠው ይነቅላሉ። የተኛውን ያልፉታል። "ኤጭ፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ይያዛል!" አለች የአጎቴ ልጅ ጣይባ።

ሱብሃነላህ! ቀና ያለው ሳያፈራ ይነቀላል፣ የተኛው ብቻ ዘር ይጥላል። በየዓመቱ! ቦዩ ዳር ግን ማንም አይነቅል። "አጎቴ፣ እናንተ ናችሁ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ቆመ። እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። አጎቴ አንዱን ሊነቅሉ ሞከሩ፣ ቅጠሉ እጃቸው ላይ ቀረ።

"እናጠፋዋለን ስንል ስናሳድገው ነው የኖርነው?"

"አዎ።"

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሰኞው ትራክተር ግን አልቀረም።

ታኅሣሥ 6
ሮጬ ደረስኩ። ትራክተሩ የላይኛውን ጨርሶ ወደ ረግረጉ ዞሯል። አጎቴ ከፊቱ ቆመዋል። ሹፌሩ "ይሄኛውስ?" አለ።

"እሱን ተወው" አሉ። "የአባቴ የእጅ ሥራ ነው።"