የሚያውቅዎትን ሰው ይዘው ይምጡ

ወሎ ሰፈር፣ ሚያዝያ 1991 ዓ.ም.

ለእርከን ባንክ የኦሎምፒያ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ይትባረክ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለቅርንጫፉ ሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም ከጥቅምት ወር ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም ሲያስተዳድር ለከረመው ለኮምፒውተርዎ ጭምር ጤና እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ይህንንም የምነግርዎ ጠይቀውኝ ሳይሆን የሚጠይቀኝ ሰው ስለጠፋ ነው።

ከደንበኞችዎ ብዛት የተነሣ ካላስታወሱኝ፣ ቢተው ኣምደሚካኤል እባላለሁ። ዕድሜዬን የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ከወሎ ሰፈር ጋራዦች ጀርባ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። ልጅ አልሰጠንም፤ ባለቤቴ የሺአረግ ካረፈች ወዲህ ደግሞ በቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው ሲደክም ያኮርፋል። የጡረታ አበላችንን ድሮ የምንቀበለው ከቀድሞው መሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ያዥ መስኮት ነበር፤ ተራ እስኪደርሰን አጥሩ ሥር ተቀምጠን ማን ታመመ፣ ማን ልጅ ዳረ እንባባል ነበር። ባንክዎ ከዚህ ሁሉ እንግልት ሊገላግለን አስቦ ክፍያው በስልክ መስመር ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ወደየሰፈራችን ቅርንጫፍ እንዲደርስ አደረገ። ስለ ውለታችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም ጓደኛዬን አላየሁም።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስሜን በተመለከተ፦

መጀመሪያ በመጣሁ ቀን ገንዘብ ከፋይዋ ወይዘሪት ሊና መታወቂያዬን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ደግማ እኔን አየች፣ ከዚያም እንዳየው ብላ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ክቡርነትዎ፣ ውሸት ከተናገርኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ስሜ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ የተደረደሩት ባዶ ሳጥኖች፣ የጥያቄ ምልክቶችና አንድ የመቶኛ ምልክት ነበሩ። ልጅቷ በጨዋ ደንብ፣ ይህ ሰው እርስዎ መሆንዎን በምን ልወቅ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም አላወቅኩትም።

2ኛ. የችግሩን ምርመራ በተመለከተ፦

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን መስከረም ጠብቶ ካለፈ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ዋናው መሥሪያ ቤትዎ በእኛ በኩል ሲታይ ስሙ ጥርት ያለ ነው፣ ጥፋቱ የቅርንጫፉ ነው አለ፤ እርስዎ በበኩልዎ እኛ የተላከልንን ነው የምናሳየው፣ ጥፋቱ የላኪው ነው አሉ፤ ሁለታችሁም እውነት ስለተናገራችሁ እኔ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በየተራ የስልክ መስመሩ ተጠረጠረ፣ መብራቱ ተጠረጠረ፣ አቧራው ተጠረጠረ፣ ገመዱ ተቀየረ፣ ኮምፒውተሩም ብርድ ይምታው አይምታው ባላውቅም በጨርቅ ተሸፈነ። ከሠራተኞችዎ አንዱ ደግሞ የአባቴ ስም ረዝሞ ይሆናልና ቢያሳጥሩትስ የሚል ምክር ለገሠኝ። ኧረ ለመሆኑ አያቴ ለልጃቸው ስም ሲያወጡ ባንክ ይመጣልና ጠቅለል አድርጉት ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር? በፈረንጅ ፊደል ይጻፍ የሚል ሌላ ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያኔ ከቀበሌ መታወቂያዬ ጋር አይመሳከርም ተብሎ ወዲያው ቀረ።

3ኛ. ምስክር አምጣ መባሌን በተመለከተ፦

ችግሩ እስኪቃለል ድረስ ስማቸው በሳጥን የመጣ ደንበኞች ሁሉ፣ በየወሩ፣ በደንብ የሚያውቋቸውን ሦስት ሰዎች ከነመታወቂያቸው እያቀረቡ ያስፈርሙ ብለው አዘዙ። ትእዛዙን ስሰማ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሳቅሁ። በዚህ ሰፈር ዕድሜዬን ጨርሼ ሦስት ሰው አጣለሁ?

በመጀመሪያው ወር አላጣሁም። ባለሱቁ አቶ ሱልጣን፣ ባለጋራዡ አቶ ሚስባህና ጎረቤቴ ወይዘሮ ሀቢባ ሥራቸውን ጥለው መጡልኝ፤ ፈረሙ፤ መርቄ ሸኘኋቸው። በሁለተኛው ወር አቶ ሱልጣን ዕቃ የሚራገፍለት ቀን ሆነና ተቸገረ፤ የአቶ ሚስባህ ጋራዥ ቦታው ለሆቴል ግንባታ ተፈልጎ ተነሥቶ ነበርና የት እንደሄደ የሚነግረኝ ጠፋ፤ ወይዘሮ ሀቢባም ጉልበታቸውን አሟቸው ቁጭ ብለው፣ እኔን ሲያዩ ገና ከበር ላይ ማፈር ጀመሩ። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ማንንም ሳልቀየም ተመለስኩ። ዕድርተኞቼም ለቀብሬ አንድ ሳይቀሩ እንደሚወጡ አልጠራጠርም፤ በሕይወት እያለሁ በየወሩ ውጡልኝ ማለት ግን ከመተዳደሪያ ደንባችን ውጭ ነው። ያን ቀን ከቤቴ ተቀምጬ በደንብ የሚያውቁኝን ሰዎች በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ከሙታኑ በቀር ብዙም አልሄደልኝም። ለዚህም አመሰግንዎታለሁ፤ ባንክዎ ባይጠይቀኝ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር።

ወይዘሪት ሊናን፣ አንቺ እኮ ታውቂኛለሽ አልኳት። ወገቤን እንደሚያመኝ ታውቃለች፤ ገና ስገባ ወንበር የምታቀርብልኝ እሷ ናት። አንገቷን ደፍታ፣ የባንኩ ሠራተኛ ምስክር እንዳይሆን ደንቡ ይከለክላል አለችኝ።

በሦስተኛው ወር ወሎ ሰፈር ታክሲ ተራ ላይ የሚውለው ደላላ ኤርሳዶ ጭንቀቴን ሰምቶ፣ ይሄማ ምን ችግር አለው አባባ ብሎ፣ ሁለት ሰዎች ጨምሮ አብሮኝ መጣ። ሦስቱም አይቼያቸው የማላውቅ ሰዎች ናቸው። እርስዎ ፊት ቆመው ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን ብለው ማሉ፤ እንዲያውም አንደኛው በባለቤቴ ቀብር ላይ እንዴት እንዳለቀሰ ተረከ፤ እርስዎም ራስዎን ነቅንቀው አመኑ። የምታውቀኝ ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ የማያውቁኝ ሦስት ሰዎች አሳምረው ፈረሙ፤ ገንዘቤም ተከፈለኝ። ከደጅ እንደወጣን ኤርሳዶ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ ለመሆኑ ስምዎ ማን ነበር አለኝ።

መቆጣት ነበረብኝ፤ አልተቆጣሁም። ሻይ ልጋብዛችሁ አልኳቸውና ኦሎምፒያ አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኳስ፣ በሩዋንዳ ሰፈር በኩል ስለሚሠራው ሕንፃ አወሩ፤ ያ ባለቀብሩ ምስክር የየሺአረግን ስም አሁን ከልቡ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ነፍስ ይማር አለ። የሺአረግ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ ክፍያው ሲደርስ፣ ከፊርማው ቀጥሎ ሻይ አለና፣ በጠዋት ተነሥቼ ጢሜን መላጨት ጀመርኩ። ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም እውነተኞቹን ፈልጌ አጥቻለሁ።

4ኛ. ችግሩ መፈታቱን በተመለከተ፦

ባለፈው ወር አብኔዘር የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣና ነገሩን አገኘው። ኮምፒውተር ፊደልን በሆዱ የሚይዘው በቁጥር ነው፤ የእናንተና የዋናው መሥሪያ ቤት የአማርኛ መጻፊያ ግን ከተለያየ ሰው የተገዛ በመሆኑ ቁጥሩን ለየፊደሉ ያደለው ለየብቻው ነው፤ እዚያ ሲላክ ስም የነበረው እዚህ ሲደርስ ሳጥን የሚሆነው ለዚህ ነው ብሎ አስረዳኝ። ገባኝ። በእኔ መጋዘን ሰባተኛው መደርደሪያ ላይ ያለው የፍሬን ሸራ ነው፤ በሌላው መጋዘን ሰባተኛው ላይ አምፑል ሊሆን ይችላል፤ ከሰባት አምጣ ብቻ ከተባለ ማን ይፈረድበታል? አብኔዘር በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መጻፊያ አስገባና ተገላገላችሁ። ይህን ሁሉ ወር ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ያያቸው ሰው አለመኖሩ ብቻ ይገርማል።

ወይዘሪት ሊና ኮምፒውተሩን አዙራ አሳየችኝ። ቢተው ኣምደሚካኤል ይላል፣ ምንም ሳይጎድል። ስሜን በሌላ እጅ ተጽፎ ካየሁ ቆይቶ ነበርና፣ አልደብቅዎትም፣ እንባዬ መጣ። እሷም ደስ ብሏት፣ ከእንግዲህ ማንንም ሰው ይዘው መምጣት አያስፈልግዎትም አለችኝ። እሰይ!

በማግስቱ ታክሲ ተራ ሄጄ ኤርሳዶን ሰላም አልኩት። ፊርማ አለ አባባ? አለኝ። የለም፣ ተስተካክሏል አልኩት። እንኳን ደስ አለዎት ብሎ እጄን ጨበጠኝና ቤት ፈላጊ ጠርቶት ሄደ። ቅሬታ ነው ብዬ የመዘገብኩት ይህንን ነው፤ መልስ እንደማይሰጡበት ባውቅም ቁጥሩ እንዳይጎድል አስገብቼዋለሁ።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለስልክ መስመርዎ ጥራትና ለኮምፒውተርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ያለ ምንም ምስክር የእርስዎ አክባሪ፣
ቢተው ኣምደሚካኤል

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሪት ሊና እንደነገረችኝ ከሆነ እኔ ባልመጣም ገንዘቡ በየወሩ ራሱ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም የት ጠፋ ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ አንድ ጊዜ እኔ ሳልታይ ገንዘቡ ብቻ እየተጠራቀመ ቢሄድ፣ ደንበኛችን ቆጣቢ ሆኑ ብለው ደስ እንዳይልዎት፤ እባክዎ በሬን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ይላኩልኝ።