የታጠቡት የብር ዶላሮች

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? መዶሻውን አስቀምጠው አረፍ ይላሉ ወይስ አሁንም ብር ሲቀጠቅጡ ይውላሉ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል።

ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር የምንከባከባቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ሃሪስ፣ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያጠራቀሟቸው፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሃያ አራት የአሜሪካ የብር ዶላሮች አሏቸው። ሁሉም ጠቁረዋል። ባለፈው ሳምንት ልደታቸው ነበርና፣ ላስደስታቸው ብዬ፣ ቀን ተኝተው ሳለ እርስዎ እንዳስተማሩኝ በሎሚ ፈተግኳቸው፤ አመድ ባጣ በቤኪንግ ሶዳ። እንደ ሙሽራ አምባር አብለጨለጩ። ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር።

ለካስ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያንኑ ጥቁረት ኖሯል። የታጠበ ሳንቲም ለእነሱ ሞተ ማለት ነው። ማን ነገረኝ?

ልጃቸው ስቲቭ ረቡዕ መጥቶ ሳጥኑን ሲከፍት ፊቱ ተለዋወጠ። «ማነው ያጠባቸው?» አለ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ «እኔ ነኝ» አሉ። ተምታቶባቸው መሰለኝና ዝም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስም አለኝ። ስቲቭ ግን አባቱን ትክ ብሎ አያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ «እንዳትነኩ» ሲሉ ኖረው እሳቸው ካጠቧቸው አእምሯቸው ሄዷል ማለት ነው አለ። ቤታቸውን ለቀው የአረጋውያን መጦሪያ እንዲገቡ ዛሬ ወረቀት ሊያስፈርማቸው ነው።

ሥራውን ያገኘችልኝን ማሚቱን ፌርፋክስ፣ የሐበሾች ሰፈር፣ አግኝቼ አማከርኳት።

«ኦኬ፣ ሶ ምን አገባሽ? ሽማግሌው ራሱ እኔ ነኝ ብሎ አድሚት አድርጓል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የቀጠረሽ ኤጀንሲ ፋየር ያደርግሻል። ቀይራ ሰርቃለች ቢሉሽስ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

ትናንት ሹራባቸውን ሳለብሳቸው አላስችል ቢለኝ «እርስዎ እኮ አላጠቧቸውም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስነቃ የመጨረሻዋን እየፈተግሽ ነበር፤ ታዜሚያለሽ። ረፍዶ ነበር፣ ምን ልበልሽ? ልጄ እኔን ከሥራ ሊያባርረኝ አይችልም።»

አባባ፣ እኚህ ሰው ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ናቸው። ጃጁ የተባሉት እኔን ለማዳን ነው፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። አፈርኩ።

ይህን የምጽፈው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። የስቲቭ መኪና አሁን ደጅ ቆመች። ሽማግሌው ከሳሎን «ልዩ፣ ምንም እንዳትናገሪ» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

ከሥራ ወጣች ሲባል ቢሰሙ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍኩልዎ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እርስዎም ካሉበት ሆነው ይመርቁኝ።

ስቲቭ ገብቷል። ወረቀቱን ዘርግቶ ብዕር አምጪ ይለኛል። እዚህ ያለው ይኸው የያዝኩት ብቻ ነው፤ ሳልነግረው አልሰጠውም።

ልጅዎ
ልዩ