ከበሩ በላይ ያለችው ጫማ

እህት ዓለም፣ ወገብሽን ተሻለሽ?

ልጄ ሙዚየም የሆነ አንድ የድሮ ቤት ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መስታወት ውስጥ አንዲት የልጅ ጫማ ተቀምጣለች፤ ጫፏ የተበላ፣ ማሰሪያዋ የጠፋ። «እማዬ፣ ጽሑፉን ላንብብልሽ?» አለችኝ። «በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት አንቺ እንድታነቢልኝ ነው?» አልኳትና ራሴ አነበብኩት። ጫማዋ የተገኘችው ቤቱ ሲታደስ፣ ከበሩ በላይ ግድግዳው ውስጥ ነው። የድሮ ግንበኞች ክፉ ነገር ወደ ቤት እንዳይገባ ብለው አንድ እግር የልጅ ጫማ ይደብቁ ነበር አሉ። ለምን እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም። መደበቋ ለሰው ከተነገረ ደግሞ አይሠራም ይላል ጽሑፉ።

ቆሜ ቀረሁ። አባባም ግንበኛ ነበር። የጓዳውን በር ሲሠራ ያንቺ ቀይ ጫማ አንድ እግሯ ጠፋች። እማማ «የት ጣልሻት?» እያለች ስትገርፈኝ እሱ ጭቃውን እያቦካ ዝም አለ። ጫማው ያንቺ፣ አለንጋው ለእኔ። ከአለንጋው ይልቅ ግን የእሱ ዝምታ ሲያመኝ ኖሯል። እማማ ዞር ስትል በዚያ ጭቃማ እጁ ጀርባዬን ዳበሰኝ፤ ቃል ግን አልወጣውም።

ያ ግድግዳ በቅርቡ ይፈርሳል ብለሽኛል። እባክሽ ከበሩ በላይ ያለውን ሠራተኞቹ ቀስ ብለው በእጃቸው ያፍርሱት፤ አንቺም አጠገባቸው ቁሚ። ጫማዋ ከተገኘች እኔ እስክመጣ አቧራዋን እንኳ አታራግፊ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ካልተገኘች ግን አንቺም እንደ አባባ ዝም በይ፣ አትንገሪኝ፤ እሱን ይቅር ያልኩት ገና ዛሬ ነው።

እህትሽ