በውሃ የታረቁት ወንድማማቾች

የሺዬ፣

በሞት ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ቁጥሩን አጠጋግቼ አልጻፍኩም፤ ታውቂኛለሽ።

ቤታችን ደህና ነው። ጣሪያው የሚያፈስበትን በኩል አስጠግኛለሁ፤ ሠራተኛው ሚስማሩን አጣሞ ስለመታው ሁለት ጊዜ አስነቀልኩት። ልጃችን ሰብለ ወልዲያ ተቀጥራለች። በየሳምንቱ ትደውልና ከሰላምታዬ በፊት አንደበቴ መተሳሰር አለመተሳሰሩን ታዳምጣለች። አልቀየማትም። አልጠጣሁም። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ቀረኝ፤ የመጀመሪያውን ስምንት ወር አንቺም አይተሽልኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሞላ ልነግርሽ ነው።

እኔና ልብስ ሰፊው ሰይድ፣ መጠጥ ካቆሙ ሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ሆነን፣ ረቡዕ ረቡዕ ማረሚያ ቤት፣ እሁድ እሁድ ሆስፒታል እንሄዳለን። የላከን የለም፤ ቢሮም የለንም። በመጠጥ ምክንያት የታሰረውን ወይም የታመመውን ፈልገን አጠገቡ እንቀመጣለን፤ እኛም ምን እንደነበርን እንነግረዋለን። መጀመሪያ ላይ እኔ እንዲህ አላደረግኩም። ትልቅ ወረቀት ላይ ጉበት ሥዬ አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። እስረኞቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ፤ በሳምንቱ አንድም ሰው አልመጣም። ስበሳጭ ሰይድ «መምህር፣ ፈተና ያለው መስሏቸው ፈርተው ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አረቄ ቤት ስቀመጥ ሰው አትልኪብኝም ነበር። ራስሽ መጥተሽ ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ ትቀመጪያለሽ። እስክወጣ ድረስ አንዲት ቃል አትናገሪም። ብትሰድቢኝ መልስ ነበረኝ፤ ለዝምታሽ ግን መልስ አጣሁለት። በሚቀጥለው ረቡዕ ወረቀቱን ትቼ ሄድኩና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከጎኔ መጥቶ የተቀመጠው ሞላ ነበር።

ሞላ የሮቢት ገበሬ ነው። የታሰረው ሰርግ ላይ ሰክሮ ታላቅ ወንድሙን ሲሳይን በጩቤ ወግቶ ነው። ሲሳይ ተርፏል፤ ግራ እጁ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። ሞላ አሥር ወር ሙሉ አንድም ረቡዕ ሳይቀር ከእኛ ጋር ተቀመጠ። እኔ ግን «አጥር ውስጥ መጠጥ ስለሌለ ይህ አይቆጠርም፤ ቆጠራው ከበሩ ስትወጣ ይጀምራል» አልኩት። ክፉ ንግግር ነው፤ እውነት ግን ነው። ሲወጣ የሚፈተንበትን ቦታ ሁሉ በተራ አስጻፍኩት፤ የገበያ ቀን፣ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ማህበር፣ እህል የገባ ዕለት። በቃሉ አስጠናሁት። አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። እርቅን ዘነጋሁ።

ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ከወንድሙ ሳይታረቅ መንደሩ ውስጥ ማደር አይችልም ነበር። ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ግራር ሥር ተቀመጡ። እኔና ሰይድም ከቆቦ በሚኒባስ ሄድን። ሞላ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ወንድሙ እግር ላይ ወደቀ፤ ሲሳይ አነሳው። ሴቶቹ እልል ሊሉ ነበር። ዋናው ሽማግሌ ግን አንድ ብርጭቆ ጠላ አስቀድተው ለሁለቱ አቀረቡ። ከዚያው ብርጭቆ ተራ በተራ ካልጠጡ እርቁ እርቅ አይባልም። ሞላ ብርጭቆውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ተነስቼ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ አንጎል፣ ስለ ሱስ። ከኋላ አንዱ «አንድ ብርጭቆ ምን ታደርገዋለች?» ሲል ደሜ ፈላ፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሽማግሌው «መምህር፣ ይህ ክፍል አይደለም፤ ቁጭ በል» አሉኝ። «እርቁን እምቢ ያለ እንደሆን ራሱ ይናገር።» የሲሳይ ፊት ጠቆረ። አሥር ወር የደከምንበት ሰው በእኔ ጉድለት ወይ ወደ መጠጡ፣ ወይ ወደ ደሙ ሊመለስ ነው።

ሰይድ ከጎኔ «አባቴ፣ እኔ እስላሙ ስታረቅስ ምን ሊያጠጡኝ ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም ሳያስቡት «አንተማ ውሃህን ትጠጣለህ» አሉት።

ሲሳይ ግን አልሳቀም። በደህና እጁ ብርጭቆውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። «የወጋኝ ጠጥቶ ነው» አለ። «ደግሞ ጠጥቶ ይታረቀኝ? ለእኛም ውሃ ይምጣ።»

ሽማግሌው «በዚህ ዕድሜዬ በውሃ አስታርቄ አላውቅም» ብለው አጉረመረሙ፤ ቢሆንም መረቁ። ሁለቱ ከአንድ ጣሳ ጠጡ። ሰይድ ማንም ሳይጋብዘው ሁለት ጣሳ ጠጣ።

ይህ ከሆነ አራት ወር አለፈ። ሞላ አልጠጣም። ነገን አላውቅም፤ የራሴንም ነገ አላውቅም። ባለፈው እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር ሆስፒታል መጣ። ሃያ ደቂቃ ስለዘገየ ተቆጣሁት። በመጠጥ ጉበቱ የተጎዳ ሰው የተኛበት ክፍል ገባን፤ እኔ እንደ ልማዴ በቀጥታ ወደ በሽተኛው አመራሁ። ሞላ አልተከተለኝም። አልጋው ግርጌ፣ መሬት ላይ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ «እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው? አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላት። ሴትዮዋ ሌላ ሰው የጠየቀ መስሏት ዞራ አየች። ከዚያ አለቀሰች።

የሺዬ፣ እኔ ሆስፒታል በተኛሁባቸው ሁለት ጊዜያት ጠያቂው ሁሉ ወደ እኔ አጎንብሶ ሲመክር አንቺ እግሬ ሥር ነበርሽ። አንቺን የጠየቀ አንድ ሰው አላስታውስም። በእነሱ እንዳልቆጣ፣ እኔም አልጠየቅኩሽም። እንዴት ነሽ ሳልልሽ ሄድሽ።

ከእንግዲህ እሁድ በምገባበት ክፍል ሁሉ መጀመሪያ የማናግረው መሬት ላይ የተቀመጠችውን ነው። ስሟን እጠይቃታለሁ። ስትነግረኝ ደግሞ «የእኔ ባለቤት የሺ ትባላለች» እላታለሁ። ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስምሽ ሳይጠራ የሚያልፍ እሁድ አይኖርም።

ባልሽ